ሰሜን ካሬሊያ፦ ቅቤ፣ ኪኒንና የአንድ አውራጃ ልብ

በጥር 1971 ከፊንላንድ ምሥራቃዊ ጫፍ አንድ አቤቱታ ለመንግሥት ቀረበ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከፈረሙት መካከል የአውራጃው ገዢ ኤሳ ቲሞነን፣ የፓርላማ ተወካዮችና የአካባቢው ማኅበራት መሪዎች ነበሩበት። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ ወንዶቻችን በልብ ሕመም እያለቁብን ነው፤ ድረሱልን።

አውራጃው ሰሜን ካሬሊያ ይባላል። ከያኔዋ ሶቪየት ኅብረት ጋር የሚዋሰን፣ ሐይቅና ደን የሞላበት፣ 180,000 ገደማ ሕዝብ የሚኖርበት ገጠር ነው። ከ35 እስከ 64 ዓመት ባሉት ወንዶች ላይ፣ በ100,000 ሰው ሲሰላ፣ በየዓመቱ 670 ገደማ የሚሆኑት የልብ ደም ስር በመዘጋቱ ይሞቱ ነበር። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። በ2006 ይኸው ቁጥር ወደ 100 ገደማ ወርዶ ተገኘ። 85 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ስለ ልብ ሕመም ስናወራ ሁለት ጎራ ስለሚፈጠር ነው። አንዱ ኪኒኑን ከዋጠ ሌላው ነገር ግድ የለውም። ሌላው ደግሞ "መድኃኒት ኬሚካል ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና የእግር ጉዞ ይበቃል" ይላል። ሰሜን ካሬሊያ ለሁለቱም መልስ አለው። መልሱም ከአርባ ዓመት መዝገብ የወጣ ነው።

ጠንካራ ወንዶች፣ የታመመ ልብ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮች ቁራሽ መሬት ሰጠ። ሰዎቹ ደን መነጠሩ፣ ላም ገዙ፣ አሳማ አረቡ። ድህነትና ረሃብ ለሚያውቅ ትውልድ ቅቤና ሥጋ በገበታ ላይ መትረፍረፉ ትልቅ ድል ነበር። በዳቦ ላይ ቅቤ በወፍራሙ ይቀባል። ወተቱ ስቡ ያልወጣለት ነው። የካሬሊያ የሥጋ ወጥ ከነስቡ ይሠራል። ጨው ይበዛል። አትክልት የከብት ምግብ ነው የሚሉም ብዙ ነበሩ። ሲጋራውን ደግሞ ብዙዎቹ ግንባር ላይ ነው የለመዱት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ቢሮ ተቀምጠው የሚውሉ አልነበሩም። ዛፍ ቆራጮችና ገበሬዎች ነበሩ። በበረዶ ላይ መጥረቢያና መጋዝ ይዘው ይውላሉ። ያም ሆኖ በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ድንገት ይወድቁ ነበር። የሰውነት እንቅስቃሴ ለልብ እንደሚጠቅም አያጠራጥርም። ግን በቀን አንድ ፓኬት ሲጋራና በየገበታው ቅቤ የሚያደርሰውን ጉዳት አያካክስም። ጂም ስለሚሄድ ብቻ ልቡ የተጠበቀ ለሚመስለው ሰው ይህ ሊነገረው የሚገባ ነገር ነው።

በ1972 የጸደይ ወራት የመጀመሪያው ጥናት ተደረገ። ለማነጻጸሪያ ጎረቤት የሆነው የኩኦፒዮ አውራጃም አብሮ ተጠና። በሰሜን ካሬሊያ ከወንዶቹ 52 በመቶው ያጨሱ ነበር። የወንዶቹ አማካይ ኮሌስትሮል 6.9 ሚሊሞል በሊትር ነበር፤ ብዙ ላቦራቶሪዎች በሚጠቀሙበት በሌላው መለኪያ 270 አካባቢ ማለት ነው። አማካይ የደም ግፊታቸው 149 በ92 ነበር። የመጨረሻዋን ቁጥር ልብ በሉ። ዛሬ ሐኪም ቤት ተደጋግሞ ሲለካ 140 በ90 የሆነ ሰው ብዙ ቦታ "ግፊት አለብህ" ይባላል። በሰሜን ካሬሊያ መንገድ ላይ የምታገኙት ተራ ወንድ፣ ምንም ሳይሰማው፣ ግፊት ነበረበት።

ነገሩ በሰውነት ውስጥ እንዲህ ነው የሚሄደው። ቅቤ፣ የሥጋ ስብና ስቡ ያልወጣለት ወተት የሚረጋ ቅባት አላቸው። ይህ ቅባት ሲበዛ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም ውስጥ መልቀሙን ይቀንሳል። የተረፈው ኮሌስትሮል በደም ስር ግድግዳ ውስጥ ይከማቻል። ከፍተኛ ግፊትና የሲጋራ ጭስ ግድግዳውን ያቆስሉታል። አንድ ቀን ክምችቱ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ደም ይረጋል፤ ቧንቧው ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የልብ ጡንቻ ደም ሳያገኝ መሞት ይጀምራል። ሃርት አታክ የምንለው ይህ ነው። በነገራችን ላይ በእኛ ገበያ የሚረጋ ዘይት የሚባለው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ይኸው የሚረጋ ቅባት ነው።

"ዘር ነው" የሚል ክርክርም ነበር። የምሥራቅ ፊንላንድ ሰዎች ደማቸው እንዲህ ነው፤ ምን ይደረጋል የሚል። ዘር ድርሻ አለው። ግን ወደ ስዊድን የተሰደዱት ፊንላንዳውያን የልብ ሕመማቸው አገር ቤት ከቀሩት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ተቃራኒውን ደግሞ በራሳችን ሰዎች ላይ አይተናል። ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳርና ግፊት ብርቅ ነበሩባቸው፤ ከዓመታት በኋላ ግን ሁለቱም በዙባቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘር አይለወጥም። የተለወጠው ኑሮው ነው።

ሐኪሙ ወደ ወጥ ቤት ገባ

ፕሮጀክቱን እንዲመራ የተመረጠው ፔካ ፑስካ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነበር። ሕክምና ብቻ ሳይሆን ፖለቲካል ሳይንስም ተምሯል። ይህ ሁለተኛው ትምህርት የጠቀመው ይመስለኛል። ምክንያቱም የገጠመው ችግር የሕክምና ብቻ አልነበረም።

የተለመደው አካሄድ በጣም የታመሙትን ፈልጎ ማከም ነው። እዚህ ግን መካከለኛው ሰው ራሱ አደጋ ላይ ነበር። ጥቂት መቶ ከባድ ሕመምተኞችን ብታክም፣ አብዛኛው ሞት የሚመጣው "ደህና ነኝ" ከሚለው ብዙኃን ነው። ስለዚህ ቡድኑ የወሰነው የጠቅላላው ሕዝብ አማካይ ኮሌስትሮል፣ አማካይ ግፊትና የአጫሾች ቁጥር እንዲወርድ መሥራት ነበር። ለአንድ ሰው ትንሽ የምትመስል ቅናሽ በ180,000 ሰው ስትባዛ ብዙ ነፍስ ናት።

ፑስካና ባልደረቦቹ በራሪ ወረቀት በመበተን አላበቁም። ማርታ የሚባል፣ በ1899 የተመሠረተ፣ በየመንደሩ ቅርንጫፍ ያለው የሴቶች ማኅበር ነበር። ከእሱ ጋር ሆነው የረጅም ዕድሜ ድግስ የሚባል ዝግጅት ጀመሩ። ሐኪሙ አጭር ንግግር ያደርጋል። ሴቶቹ ያንኑ የካሬሊያ ወጥ ስቡን ቀንሰው፣ ካሮትና ሌላ ሥራ ሥር ጨምረው ይሠሩታል። ከዚያ ሁሉም ይበላል። ወንዶቹ በአፋቸው ቀምሰው "ይህማ ይበላል" ካሉ ክርክሩ አለቀ። ወጣቱ ሐኪም ብቻውን ቢመክር ማን ይሰማዋል? የማኅበሩ እናት ስታቀርበው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከመንደሩ ሰው የሚሰማቸውን፣ 800 የሚሆኑ ወንዶችና ሴቶችን መርጠው አሠለጠኑ። ሐኪሞች አልነበሩም፤ ባለ ሱቅ፣ የማኅበር ሊቀመንበር፣ ጎረቤት የሚያማክራቸው ሰዎች ነበሩ። መንደር ከመንደር ኮሌስትሮል በማውረድ የሚወዳደርበት ዝግጅትም ነበር። ከ1978 ጀምሮ ደግሞ ሲጋራ ለማቆም የቆረጡ ሰዎች በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ሲቸገሩም ሲሳካላቸውም አገሩ ሁሉ አያቸው።

ትልቁ ፈተና ገበያው ነበር። ሰዎች ስብ የሌለው ወተት ፈልገው ሱቅ ቢሄዱ የለም። የአካባቢው ቋሊማ አምራች ስቡን ቀንሶ በምትኩ እንጉዳይ እንዲጠቀም ተደራደሩ። ከዳቦ ጋጋሪዎች ጋር ስለ ጨው ተነጋገሩ። የወተት ኢንዱስትሪው ግን በቀላሉ አልተበገረም። ቅቤን መንካት የገበሬውን ጉሮሮ መንካት ነበር። እውነትም ነው፤ አውራጃው የሚኖረው በላሞቹ ነው። "ቅቤ አትብሉ" የሚለው ምክር ለአንዱ ጤና፣ ለሌላው ኪሳራ ነበር።

መፍትሔው ዓመታት ወሰደ። በፊንላንድ ብርድ የሚበቅል የዘይት ተክል ዝርያ ተስፋፋ፤ ከእሱ የሚወጣው ዘይት ቅቤን በአገር ምርት መተካት አስቻለ። ቅቤና የአትክልት ዘይት የተቀላቀለበት የዳቦ ማባያ ወጣ። ለገበሬው የሚከፈለው የወተት ዋጋ በስቡ መጠን ይሰላ የነበረው ቀስ በቀስ ወደ ፕሮቲኑ ዞረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ገበሬዎች ከላም እርባታ በተጨማሪ ቤሪ (እንደ እንጆሪ ያሉ ትንንሽ ፍሬዎች) እንዲያለሙ የሚደግፍ ፕሮጀክት ተጀመረ። ከጠቅላላው ታሪክ እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ይህ ክፍል ነው። የሰውን ልብ ለማዳን የሰውን እንጀራ መዝጋት እንደማይቻል ተረድተው ለገበሬው ሌላ በር ከፈቱለት።

የትንባሆ ሕጉ በ1976 ወጣ። ማስታወቂያ ተከለከለ፤ ለልጆች መሸጥ ተከለከለ፤ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ማጨስ ተገደበ። ኢትዮጵያ ተመሳሳይ ክልከላ በአዋጅ ቁጥር 1112 ያወጣችው በ2019 ነው።

ቡናም በታሪኩ አለችበት። ፊንላንዳውያን ቡና በጣም ይጠጣሉ። ድሮ የሚያፈሉት በማንቆርቆሪያ ነበር፤ ሳይጠልሉት። ተፈልቶ ያልተጠለለ ቡና ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለው፤ እሱም መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። የወረቀት ማጥለያ ያስቀረዋል። በኋላ አገሩ ወደ ማጥለያ ቡና ሲዞር፣ ለአማካይ ኮሌስትሮሉ መውረድ ይህም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። የእኛ የጀበና ቡናም ፈልቶ የሚቀዳ ነው፤ በወረቀት አያልፍም። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው አቦልና ቶናውን ይተው አልልም። ግን በቀን ስንት ስኒ እንደሚጠጣ ለሐኪሙ ቢነግረው ይጠቅመዋል።

ኪኒኑስ?

ፕሮጀክቱ ሲጀመር በሐኪሞች እጅ የነበረው መድኃኒት ጥቂት ነው። ለግፊት ጨውና ውሃን በሽንት የሚያስወጡ ኪኒኖች ነበሩ። የልብን ምት የሚያቀዘቅዙት ቤታ ብሎከሮችም እየገቡ ነበር። ኮሌስትሮልን በደንብ የሚያወርድና ሰው ለዓመታት ሳይቸገር የሚወስደው ኪኒን ግን አልነበረም።

ስለዚህ ቡድኑ ያለውን በአግባቡ መጠቀም ላይ አተኮረ። በ1972 ፊንላንድ በየአካባቢው ጤና ጣቢያ የሚያቋቁም ሕግ አውጥታ ነበር። በእነዚያ ጣቢያዎች ነርሶች ግፊት መለካት ጀመሩ። ግፊት ያለበት ሰው መዝገብ ላይ ይገባል። ቀጠሮ ይሰጠዋል። ከቀረ ይጠራል። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን የግፊት መድኃኒት የሚሠራው ሲወሰድ ብቻ ነው፤ ግፊት ደግሞ አያምም። ለማያምም ነገር ለዓመታት ኪኒን ለማስዋጥ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል።

በዚያው ዘመን ቶኪዮ ውስጥ አኪራ ኤንዶ የሚባል ተመራማሪ 6,000 ገደማ ሻጋታዎችንና ሌሎች ጥቃቅን ሕያዋንን ይፈትሽ ነበር። ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ የሚገታ ነገር ፍለጋ ነው። በ1973 አገኘው። ከዚህ ዘር የሆነው ሎቫስታቲን በ1987 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ስታቲን የሚባለው የመድኃኒት ቤተሰብ እንዲህ ተወለደ፤ ዛሬ በየፋርማሲው የምናውቀው አቶርቫስታቲን ከእነሱ አንዱ ነው።

ፊንላንድን ጨምሮ በአምስት የሰሜን አውሮፓ (ኖርዲክ) አገሮች 4,444 የልብ ሕመምተኞች ለአንድ ትልቅ ሙከራ ተመዘገቡ። ግማሾቹ ከስታቲኖቹ አንዱ የሆነውን ሲምቫስታቲን ወሰዱ። ግማሾቹ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ፣ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ወሰዱ። ከአምስት ዓመት በላይ ክትትል በኋላ ውጤቱ በ1994 ወጣ። ባዶውን ከወሰዱት 256 ሰዎች ሞቱ። ሲምቫስታቲን ከወሰዱት 182። የ74 ሰው ልዩነት ነው። "መድኃኒት ኬሚካል ነው" ለሚሉት ከዚህ ቁጥር የተሻለ መልስ የለኝም።

አስፕሪንም በ1988 በወጣ ከ17,000 በላይ ሕመምተኞች በተካተቱበት ጥናት ራሱን አስመስክሯል። ሃርት አታክ በያዛቸው ሰዎች ላይ፣ በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ፣ በልብና በደም ስር ችግር መሞትን 23 በመቶ ቀንሷል። ይህ ግን ለታመመ ሰው ነው። ልቡ ጤነኛ የሆነ ሰው "ለጥንቃቄ" ብሎ በየቀኑ አስፕሪን ቢውጥ ሆዱ ወይም ጭንቅላቱ ውስጥ የመድማት አደጋ ይጨምርበታል። በተለይ ዕድሜው ከ60 ላለፈ ሰው በራስ ፈቃድ መጀመር አይመከርም።

ታዲያ ከኑሮ ለውጡና ከመድኃኒቱ የትኛው በለጠ? ተመራማሪዎች ይህን ለማስላት ሞክረዋል። ከ1982 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት በፊንላንድ ከቀነሰው የልብ ሞት ከ53 እስከ 72 በመቶው በኮሌስትሮል፣ በግፊትና በሲጋራ መቀነስ የመጣ ነው። 23 በመቶ ገደማው የሕክምና ነው። ምሥራቅ ፊንላንድን ከ1972 እስከ 2012 የተከተለ ሌላ ጥናትም አለ። በእሱ መሠረት የመጀመሪያው አሥር ዓመት ቅናሽ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው። ከዚያ በኋላ መድኃኒትና ሕክምና እየጨመሩ መጡ። በመጨረሻ ሁለት ሦስተኛው የኑሮና የግፊት ቁጥጥር፣ ቀሪው ከሞላ ጎደል የሕክምና ሆነ። ከሦስቱም ትልቁን ድርሻ የያዘው የኮሌስትሮል መውረድ ነው።

ከዚህ የማነበው ሁለቱ የተለያየ ሥራ እንዳላቸው ነው። የገበታው ለውጥ የሚታመሙትን ሰዎች ቁጥር ቀነሰ። መድኃኒቱ የታመሙትን አቆየ። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። የግፊቱ ቁጥጥር ደግሞ በሁለቱም በኩል ይቆማል፤ ጨው መቀነሱም፣ ኪኒኑም እዚያው ውስጥ ነው።

ይህን ካልኩ አንድ ልመና አለኝ። ብዙ ሰው ግፊቱ ሲወርድ "ዳንኩ" ብሎ ኪኒኑን ያቆማል። የወረደው በኪኒኑ ነው፤ ሲቆም ተመልሶ ይወጣል። ቤታ ብሎከርን በድንገት ማቋረጥማ ራሱ አደጋ ነው። ለግፊት ኤናላፕሪል የሚወስድ ሰው ደረቅ ሳል ቢይዘው፣ ስታቲን የሚወስድ ሰው ጡንቻው ቢያምመው፣ ለሐኪሙ ይናገር። የሚለወጥበት ሌላ መድኃኒት አለ። ዝም ብሎ መተው ግን መፍትሔ አይደለም።

የማይስማሙት ምን አሉ

ጉዳዩን በታማኝነት ለመጻፍ ትችቱንም ማንሳት ይገባል። ማነጻጸሪያ የነበረው የኩኦፒዮ አውራጃም ሞቱ ቀንሷል። በኋላ መላው ፊንላንድ ቀንሷል። ስለዚህ "ለውጡ ያለ ፕሮጀክቱም ይመጣ ነበር" የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። የሕዝብ ሕይወት እንደ ላቦራቶሪ አይታጠርም። ጎረቤት አውራጃ ያንኑ ቴሌቪዥን ያያል፤ ያው የትንባሆ ሕግ ይገዛዋል፤ ቋሊማውም ከዚያው ሊመጣ ይችላል። ከ1977 በኋላ ደግሞ ሥራው ራሱ አገር አቀፍ ሆነ። እኔ የማምነው ፕሮጀክቱ ለውጡን እንዳፋጠነ ነው፤ ግን ብቻውን አደረገው ለማለት አይቻልም። ኮሌስትሮል፣ ግፊትና ሲጋራ ሲወርዱ ሞት መውረዱን ግን ተቺዎቹም ይቀበላሉ።

ሌላ ገደብም አለ። ሰሜን ካሬሊያ የሚናገረው በቅባት ክምችት ስለሚዘጋ የልብ ደም ስር ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የሚያጠቃው የልብ ሕመም ሌላ ነው። ካልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ የልብ በሮችን (ቫልቮችን) የሚያበላሸው ማለቴ ነው። እሱ የሚጠበቀው ጉሮሮን በጊዜው በማከምና በየወሩ ገደማ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ነው። ቅቤ መቀነስ ለእሱ መድኃኒት አይሆንም።

ፕሮጀክቱ በ1997 በይፋ ተዘጋ። ክትትሉ ግን ቀጠለ። በ2007 የወንዶቹ አማካይ ኮሌስትሮል ከ6.9 ወደ 5.4፣ ግፊታቸው ወደ 138 በ83፣ አጫሾቹም ወደ 31 በመቶ ወርደው ተገኙ። የሰውነት ክብደት ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሲጨምር ነበር፤ እሱን ማንም አላቆመውም። በ2012 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ሲወርድ የኖረው የፊንላንዳውያን ኮሌስትሮል ትንሽ ከፍ ማለቱን አሳየ። ያኔ ስታርችን ቀንሶ ቅባትን የሚያበዛ አመጋገብ ፋሽን ሆኖ ነበር። ቅቤ ተመልሶ ገበታ ላይ ወጥቶ ነበር።